ፒኬ 12 ላይ ያደርኩባቸው ሦስት ሌሊቶች

የአጎቴ ልጅ የተሳቢ ሾፌር ነው። ኅዳር ላይ ማዳበሪያ ሊጭን ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ቪዛዬን ጨርሼ ጋቢና ገባሁና አብሬው ወረድኩ። ሚሌ ምሳ በላን፣ ሰመራ አደርን፣ በማግስቱ ገላፊ ላይ ፓስፖርቴን አስመታሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ድንጋይና ሙቀት ነው፤ ዳር ዳሩን የፈነዳ ጎማ ወድቋል።

ፒኬ 12 ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ፣ የእኛ ሾፌሮች ወረፋ የሚጠብቁበት ሰፈር ነው። አማርኛ እንደ ልብ ይነገራል። ሾፌሮቹ እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቡና ያፈላሉ። እኔም ሦስቱን ቀን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በርጩማ ላይ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ሰማዩ ላይ የሆነ ነገር ይነዘንዝ ጀመር። ረዳቱ በጣቱ አሳየኝ። ግራጫ ነው፣ አካሉ ቀጭን፣ ክንፉ ረጅም። ድሮን ነው። አሜሪካኖች ድሮኖቻቸውን በ2013 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከከተማው አየር ማረፊያ አውጥተው ሻቤሌ ወደሚባል ሜዳ ወስደዋቸዋል። ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር በአንድ ሜዳ ሲነሱና ሲያርፉ አደጋ ይመጣል ብለው ጅቡቲዎች ስለሰጉ ነው። ሰፈራቸው ግን እዚያው አየር ማረፊያው አጠገብ ነው፤ ካምፕ ሌሞኒየር። ድሮ የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ነበር። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካ ገባችበት፤ ዛሬ ወደ 4,000 ሰው ይኖርበታል። ጃፓን በ2011፣ ቻይና በ2017 የየራሳቸውን ሰፈር ከፈቱ። ፈረንሳይ እንደሆነች ድሮም አለች።

ይህን ሁሉ ጦር ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚህ ትንሽ ወደ ሰሜን ባብ ኤል መንደብ አለ፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሞሮኮ የምንገዛው ማዳበሪያ በስዊዝ ዞሮ በዚያች ጠባብ በር ነው የሚመጣው። ወደ ጀርመን የምንልከው ቡናም በዚያው ይወጣል። በሩ ሲዘጋ መርከቡ አፍሪካን በደቡብ መዞር አለበት። ነዳጁና ኢንሹራንሱ ጭነቱ ላይ ይደመራል፤ መጨረሻ ላይ ከፋዩ ጎጃም ወይም አርሲ ያለው ገበሬ ነው። ታዲያ ጠባቂ ቢኖረን ምን ይከፋል?

የአጎቴ ልጅ ግን አልተስማማም። «አንተ፣ የሚጠብቁት የራሳቸውን ነው» አለኝ። ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ነው። የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ከ2023 ኅዳር ጀምሮ መርከብ ሲመቱ አሜሪካ መርከቦቿን አሰማርታ የመንን ደበደበች። በ2025 መጋቢት ደግሞ ከበፊቱ አጠንክራ ጀመረች። ግንቦት 6 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ድብደባው ቆሟል አሉ፤ ኦማን አደራዳሪ ሆና፣ ሁቲዎች የአሜሪካን መርከቦች ላይመቱ ተስማሙ። የአሜሪካን። ልክ በሁለት ወሩ፣ ሐምሌ ላይ፣ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት የጭነት መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀይ ባሕር ላይ ሰጠሙ። ማጂክ ሲስ ማዳበሪያ ጭና ነበር። ኢተርኒቲ ሲ ደግሞ እዚሁ ጎረቤት በርበራ ላይ ጭነቷን አራግፋ መመለሷ ነበር፤ መርከበኞቿ ሞቱባት።

ያንን ወሬ ሾፌሮቹ እዚሁ ሆነው ነው በስልካቸው ያዩት። እትዬ ሲኒውን እያቀበሉኝ «የሰው ልጅ ሰንደቅ ዓላማ እየታየ ነው እንዴ የሚተርፈው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ሌሊት አንድ ጎልማሳ ሾፌር መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ወታደር ነበር፤ ሶማሊያ ዘምቷል። የእኛ ጦር በ2006 መጨረሻ ሲገባ አሜሪካ ከኋላ ሆና ደግፋለች። የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ተበተነ፤ አልሸባብ ግን በዚያው ጦርነት ውስጥ ጎለበተ። በ2020 መጨረሻ ትራምፕ ወደ 700 የሚሆነው ጦራቸው ከሶማሊያ እንዲወጣ አዘዙ፣ በ2022 ባይደን ጦር መልሰው ላኩ። ሰውየው ይህንን ሲያወራ አልተናደደም። «ሊወጡ ነው ሲባል በዜና ነው የሰማነው፣ ማታ ጥበቃ ላይ» አለ። «የሚሄዱበት አገር አላቸው። እኛ እኮ ጎረቤት ነን፤ ወዴት እንሄዳለን?»

እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው። አሜሪካ ስለራሷ ማሰቧ አይገርመኝም፣ የማያስብ መንግሥት የለም። የሚያንገበግበኝ የእኛ ቸልተኝነት ነው። የቀይ ባሕር ጉዳይ በኦማን አደራዳሪነት ሲመከርበት ጅቡቲም፣ ኤርትራም፣ ሶማሊያም፣ እኛም ጠረጴዛው ላይ አልነበርንም። እርስ በርሳችንማ ቁጭ ብለን መነጋገር እንኳ አቅቶናል፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ በወደብ ሲወዛገቡ ነው የከረሙት።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ወረፋችን ደረሰ። ወደቡ ላይ ወዛደሮቹ ባለ 50 ኪሎውን ጆንያ በትከሻቸው እየደረደሩ ከነተሳቢው ሞሉት፤ ነጩ ብናኝ ላባቸው ላይ ተለጥፎ ቅንድባቸው ድረስ ነጭ ሆነዋል። ረዳቱ ሸራውን እየጎተተ «ይሄ በየት በኩል ነው የመጣው? በስዊዝ ነው ወይስ ዞሮ?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወዛደር ትከሻውን ነቀነቀ። ገመዱን አጠበቅንና ወደ ገላፊ ተነሳን።