ከከሸፈ ጥናት አምስት ወረቀት

ብራያን ዋንሲንክ ስለ አመጋገብ ልማድ በሚሠራቸው ጥናቶች ስሙ የገነነ፣ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የራሱን ላብራቶሪ የሚመራ ፕሮፌሰር ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ለወጣት ተመራማሪዎች ምክር ይሆናል ያለውን ጽሑፍ አወጣ። ያሞገሳት ከቱርክ መጥታ ያለ ደመወዝ የምትሠራ የዶክትሬት ተማሪ ናት። የሰጣት ዳታ የተሰበሰበው ከአንድ ጣሊያናዊ የፒዛ ቡፌ ሲሆን፣ ገሚሱ ተመጋቢ 8 ዶላር፣ ገሚሱ 4 ዶላር ከፍሎ በልቷል። የተጠበቀው ውጤት ግን አልመጣም። ጊዜና ገንዘብ የፈሰሰበት ዳታ ስለሆነ የሚተርፍ ነገር እንድትፈልግበት ነገራት፤ እሷም እየከፋፈለች፣ እያሰላች አምስት ወረቀት አወጣች። ተመሳሳይ ዕድል ቀርቦለት ያልተቀበለው ደመወዝተኛ ተመራማሪ በጽሑፉ ውስጥ የሰነፍ ምሳሌ ሆኖ ቀረበ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያየው ትጋትን ሳይሆን ፒ-ሃኪንግን (የሚፈለገው ውጤት እስኪወጣ ዳታን ደጋግሞ መከፋፈልና ማስላትን) ነው፤ ያውም አለቃው ራሱ በኩራት የተረከውን።

በ2018 ይፋ የወጡ ኢሜይሎች አሠራሩን በዝርዝር አሳዩ። ተማሪዋ ገና ሳትመጣ ተመጋቢዎቹን እንድትከፋፍል ታዝዛለች፦ ወንድና ሴት፣ ምሳ በላተኛና እራት በላተኛ፣ ብቻውን የመጣና ከሰው ጋር የመጣ፣ አልኮል ያዘዘና ለስላሳ ያዘዘ፣ ከቡፌው አጠገብ የተቀመጠና ራቅ ያለ። እያንዳንዱ ክፍፍል አንድ ሙከራ ነው። ምንም እውነተኛ ልዩነት በሌለበት ዳታ ላይ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ሙከራዎች ቢደረጉ፣ ቢያንስ የአንዱ ፒ-ቫሊዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከተለመደው ወሰን ከ0.05 በታች የመውረድ ዕድሉ 64 በመቶ ነው (0.95ን 20 ጊዜ በራሱ አባዝቶ ከ1 መቀነስ ነው)። እያንዳንዱ ስሌት ለብቻው ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል። አንባቢ የሚታለለው ያልተጻፉትን 19ኙን ስለማያይ ነው።

ኢሜይሎቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ በ2017፣ ቲም ቫን ደር ዚ፣ ጆርዳን አናያና ኒክ ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ዳታው በእጃቸው ሳይኖር ከፒዛ ወረቀቶቹ አራቱን መርምረው ወደ 150 የሚጠጉ የቁጥር መፋለሶች አገኙ። ካገለገሏቸው መሣሪያዎች አንዱ ግሪም የሚባለው ፍተሻ ነው፤ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃዋል። 18 ሰው በሙሉ ቁጥር ብቻ መልስ ሰጥቶ አማካዩ 3.46 ነው ተብሏል እንበል። የመልሶቹ ድምር ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት፤ 62 ለ18 ሲካፈል 3.44፣ 63 ለ18 ሲካፈል ደግሞ 3.50 ነው። ስለዚህ 3.46 ሊኖር አይችልም። ፍተሻው በሁለት አሃዝ ለተጠጋጋ አማካይ የሚሠራው መላሾቹ ከ100 በታች ሲሆኑ ነው። ጥያቄውን የዘለለ ሰው ካለ አካፋዩ ይቀየራልና፣ ሰውን ከመጠርጠር በፊት በየጥያቄው ስንት ሰው እንደመለሰ ማየት ያስፈልጋል።

ዋንሲንክን የጣለው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ጃማ የተባሉት የአሜሪካ የሕክምና መጽሔቶች ስድስት ወረቀቶቹን በተመለከተ ማረጋገጫ ሲጠይቁ፣ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ዳታ ማግኘት ስላልቻለ ማረጋገጥ አልቻለም። ስድስቱም በመስከረም 2018 በአንድ ቀን ተሰረዙ። ኮርኔልም የምርምር ጥፋት መፈጸሙን አስታወቀ፦ ዳታን አዛብቶ ማቅረብ፣ የተሳሳተ የስታቲስቲክስ አጠቃቀም፣ ውጤትን በአግባቡ አለመሰነድና አለማስቀመጥ፣ ተገቢ ያልሆነ የደራሲነት አሰጣጥ። እሱ ሆን ብዬ ያደረግሁት ማታለል የለም ቢልም ሥራውን ለቀቀ።

ያ ዳታ ምን ይደረግ ነበር? ዋጋው ለውጥ አላመጣም ብሎ መጻፍ አንድ ወረቀት ነው፤ ብዙ መጽሔት ላይጓጓለት ይችላል እንጂ ነውር የለበትም። መከፋፈል የፈለገም ይከፋፍል፣ ነገር ግን አሰሳ መሆኑን ይናገር፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ይቁጠር። በ20 ሙከራ የቦንፌሮኒ ወሰን (0.05 ለሙከራዎቹ ብዛት ሲካፈል) 0.0025 ነው። ከዚያ የተሻለው በአሰሳ የተገኘውን ግምት በአዲስ ተመጋቢዎች መፈተሽ ነው።

ቅድመ ምዝገባም (ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት የጥናቱን ዕቅድ ጽፎ ማስመዝገብ) ቢሆን «እርካታ ይለያያል» ተብሎ ከተጻፈ ዋጋ የለውም። የትኛው ጥያቄ፣ በየትኛው ሚዛን፣ ማን ከስሌቱ ይወጣል፣ መሰብሰቡስ መቼ ይቆማል? የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ሆኖም በየቡድኑ 20 ሰው ላይ ውጤቱን አይቶ፣ ካልተሳካ 10 መጨመር ብቻውን የስህተቱን ዕድል ከ5 ወደ 7.7 በመቶ ያደርሰዋል። ጥሬው ፋይል ለንባብ ብቻ ይቆለፍ፤ የወረቀት መጠይቅም ስካን ሳይደረግ አይጣል።

አለቃ «ሌላ ከፋፍለሽ እይው» ሲል ደግሞ ተማሪ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብዳታል። የሚቀላት በኢሜይል እንዲህ ብሎ መመለስ ነው፦ «ፕሮፌሰር፣ እስካሁን 14 ክፍፍል ሞክሬያለሁ፣ ዝርዝሩን አያይዣለሁ። አሥራ አራቱንም በወረቀቱ አባሪ ላስገባቸው?»