ያልተቆለፈው ሲም ካርድ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በአይቲ ባለሙያነት ሳገለግል፣ የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ታክሲ ስትጠብቅ ስልኳን ተነጠቀች። ስልኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ በመሆኑ ከቀፎው ዋጋ በቀር ያሳሰባት ነገር አልነበረም። ሌባው ግን ሲም ካርዱን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ውስጥ ከተተ፤ በአጭር መልእክት የመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ተቀብሎም ቴሌግራሟን ከፈተና ባልደረቦቿን «ቸግሮኝ ነው፣ ማታ እመልሳለሁ» እያለ በስሟ ብር ጠየቀ። አምነው የላኩም ነበሩ።

አስተዳደሩ ሠራተኛው ሁሉ የሲም ካርድ ፒን፣ ማለትም ካርዱ ያለ እርሱ በሌላ ቀፎ የማይሠራበትን የምስጢር ቁጥር፣ እንዲያበራ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ወሬው ሁሉ ይኸው ሆኖ ቢሰነብትም ፒኑን ያበራ ሰው ከስንት አንድ ነበር። ምክንያቱን በየጠረጴዛው እየዞርኩ ስጠይቅ፣ አደጋውን ያልሰማ አንድም ሰው አላገኘሁም። ሾፌራችን ጋሼ «እኔን ምን አለው ብሎ ይሰርቀኛል?» አሉ። አንዷ ባልደረባዬ ባለቤቷ ስልኳን እንደ ልቡ ስለሚከፍት፣ ዛሬ ብትቆልፈው «ምን ደበቅሽ?» እንዳይላት ፈርታለች። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ደግሞ «ተሳስቼ ቢዘጋብኝስ? ልጆቼ በምን ያገኙኛል?» አሉኝ፤ ይህ ስጋት በእውነት መሠረት ያለው ነው፤ ፒኑ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ ያለ ፐክ ቁጥር (የተዘጋ ካርድ መክፈቻ ኮድ) አይከፈትም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮናልድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበውና በ1983 ባሻሻለው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው ራሱን ለመከላከል የሚነሣው አደጋውን ስለፈራ ብቻ አይደለም፤ መፍትሔው እንደሚሠራና እርሱም ሊያደርገው እንደሚችል ማመን አለበት፣ የሚያስከፍለው ዋጋም ሊከብደው አይገባም። የእኛ ማስጠንቀቂያ ፍርሃቱን ብቻ ነበር የጨመረው።

ስለዚህ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። የፐክ ቁጥሩን በቅድሚያ በማስታወሻ ደብተራቸው አሰፈርን፤ ፒኑን በገዛ ጣታቸው አብርተው ቀየሩ። ከዚያም ስልኩን አጥፍተው ሲያበሩት ሆን ብለው አንድ ጊዜ እንዲሳሳቱ አደረግሁ። ሁለት ሙከራ እንደቀራቸው ስክሪኑ ላይ አነበቡ፣ ትክክለኛውን አስገቡና ተከፈተ። «ይኸው ነው እንዴ?» ብለው በማግሥቱ የጽዳት ሠራተኛዋን ራሳቸው አስተማሩ።

ለባልደረባዬም ፒኑ የሚጠየቀው ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም ካርዱ ወደ ሌላ ቀፎ ሲዛወር እንጂ ባለቤቷ ስልኩን በከፈተ ቁጥር እንዳልሆነ ስነግራት ወዲያው አበራችው። ጋሼን ያሳመናቸው ሌባው የሚፈልገው የእርሳቸውን ገንዘብ ሳይሆን ሰው በስማቸው ላይ ያለውን እምነት መሆኑን መስማታቸው ነው፤ ስማቸው እንዲነሣባቸው አይፈልጉም።