በሌሊት ፈረቃ ያነበብኳቸው፦ የቀና አስተሳሰብ መጻሕፍትና የቤዝቦል ልብ ወለዶች

እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደይ ወራት፣ በዋሽንግተን ዲሲ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መውጫ ላይ በምትገኝ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። አገር ቤት ሳለሁ ነርስ ነበርኩ። እዚህ በሙያዬ ለመቀጠር ግን የትምህርት ማስረጃዬን ካስገመገምኩ በኋላ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ፤ እርሱንም በዚያ ጸደይ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቅኩ። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ሲሆን፣ ማሽኑ ስለ ተፈታኙ ችሎታ እርግጠኛ በሆነበት ቅጽበት ጥያቄ ማቅረቡን ያቆማል፤ በዚያ ዘመን ትንሹ የጥያቄ ብዛት 75፣ ትልቁ 265 ነበር። የእኔ ስክሪን 75ኛው ጥያቄ ላይ ሲጠፋ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በቅርቡ የመጡ ወገኖች በእነዚያ ወራት ምን እንዳነበብኩ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ መጻሕፍቱን እጄ በገቡበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ የኖርማን ቪንሰንት ፒል «ዘ ፓወር ኦፍ ፖዘቲቭ ቲንኪንግ» ነበር። ፒል በኒው ዮርክ የማርብል ኮሊጂየት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1952 ነው። የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ በስደት የመጀመሪያ ዓመታቱ በዚህ መጽሐፍ እንደተጽናና ነግሮኝ ስለነበር በአክብሮት ተቀብዬ በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። መልካም ነገር አለው፤ ከአልጋ ለመነሣት እንኳ አቅም ላጣ ሰው የጸሎትና የመረጋጋት ልማድ ያስይዛል። ነገር ግን እንደሚሳካልህ አጥብቀህ እመን፣ ውድቀትን በአእምሮህ አትሣል የሚለው ምክሩ በዚያ ሰዓት ለእኔ ሸክም ሆነብኝ። ታዲያ ፈተናውን የወደቅኩት እምነቴ ስለ ጎደለ ነው? እያልኩ ራሴን ስጠይቅ፣ በሐዘኔ ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ተደረበበት። መጽሐፉን ለማንኳሰስ አይደለም ይህን መጻፌ፤ ለማን እና መቼ እንደሚሰጥ ማሰብ እንደሚገባ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለማምን ነው።

ቤዝቦልን ያስተዋወቁኝ ማታ ማታ መኪናቸውን የሚያወጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ ናቸው። በበጋው ሁሉ የመኪናቸው ሬዲዮ ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር፤ እርሳቸውም ሒሳብ ከከፈሉ በኋላ ወረፋ ከሌለ ቆም ብለው ሕጉን ያስረዱኝ ነበር። በእግር ኳስ ላደገ ሰው መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ መቆምና መጠበቅ ብቻ ይመስላል። ልቤን የማረከው ሌላ ነገር ነው፤ ውድቀት በዚህ ጨዋታ ውስጥ የተሰጠው ቦታ። ከ10 ሙከራ በ3ቱ የተሳካለት መቺ፣ ማለትም የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የሚመታ ተጫዋች፣ ከምርጦቹ ይቆጠራል። ቴድ ዊልያምስ በ1941 ያስመዘገበው 0.406 አማካይ፣ ማለትም ከ1000 ሙከራ 406 የተሳካ ምት፣ ዛሬም በአድናቆት የሚነሣ ሲሆን፣ ያ ሰው ግን በዚያው ዓመት ከ10 ሙከራው ወደ 6 የሚሆነውን ስቷል። በሰሌዳው ላይ ከነጥብና ከተሳካ ምት ቀጥሎ ስሕተት የሚቆጠርበት ዓምድ አለ፤ ቡድኑ የሠራው ስሕተት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በቁጥር ይጻፋል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጊዜ ስለሚጫወት፣ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ማታ እንደገና ሜዳ ይገባል።

እኒሁ አዛውንት አንድ ምሽት ጠርዙ የተላጠ መጽሐፍ በመስኮቱ አቀበሉኝ፤ የበርናርድ ማላመድ «ዘ ናቹራል» ነበር። ማላመድ ከሩስያ ከመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች በብሩክሊን የተወለደ ደራሲ ነው። ባለ ታሪኩ ሮይ ሆብስ በ19 ዓመቱ ታላቅ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ሳለ አንዲት ሴት በሆቴል ክፍል ውስጥ በጥይት ትመታውና ሕይወቱ ይሰበራል፤ በ34 ዓመቱ፣ ሌሎች ሜዳ በሚሰናበቱበት ዕድሜ፣ እንደ ጀማሪ ሆኖ ይመለሳል። ለሁለተኛው ፈተና ስቀመጥ የእኔም ዕድሜ 34 ነበር። በአገሬ ለጀማሪዎች ሥራ አሳይ የነበርኩ ሰው፣ እዚህ ከዜሮ ጀማሪ ተብዬ ስጠራ የሚሰማኝን ነገር ከዚያ በፊት ማንም በጽሑፍ አሳይቶኝ አያውቅም ነበር።

የልብ ወለድን መጨረሻ መናገር ለአንባቢ ደግ ባይሆንም፣ የዚህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1984 የተሠራው ፊልም ሆብስ በመጨረሻው ምት ኳሷን ከሜዳ ውጭ ሲልካት ያሳያል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ጉቦ ተቀብሎ ጨዋታውን ለመሸጥ ይስማማል፤ መሀል ላይ ተጸጽቶ በእውነት ለማሸነፍ ሲነሣ የሚወደው ዱላው ይሰበርበታል፣ በስተመጨረሻም ስቶ ይወጣል። የታተመበትን ዓመት ለማየት ወደ መጀመሪያው ገጽ ስመለስ 1952 ይላል። የፒል መጽሐፍ የወጣበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ አንዱ መጽሐፍ ካመንክ ታሸንፋለህ ሲል ሌላው ተሰጥኦም ምኞትም ሙሉ የሆነለት ሰው በራሱ ምርጫ እንዴት እንደሚሸነፍ ይተርካል። ያን ሌሊት ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። የሚገርመው፣ ያጽናናኝ የተሸናፊው ታሪክ ነው፤ መውደቅን ሳይሸፋፍን የሚያይ ሰው አብሮኝ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ።

እነዚህን ሁለት ዓለሞች ያገናኘልኝ መጽሐፍ የሥነ ልቦና ሊቁ የማርቲን ሴሊግማን «ለርንድ ኦፕቲሚዝም» ነው፤ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠውም እርሱን ነው። የሴሊግማን ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ክፉ ነገር ሲደርስብን ለራሳችን የምንሰጠው ማብራሪያ ቀጣዩን እርምጃችንን ይወስነዋል። ጨለምተኛ ሰው ምክንያቱን ዘላቂ ያደርገዋል፣ ወደ ሕይወቱ ሁሉ ያሰፋዋል፣ ጥፋቱንም ጠቅልሎ በራሱ ላይ ይጭናል። ተስፈኛው ግን ጊዜያዊና የተወሰነ ምክንያት ይፈልጋል። ስለ ስፖርት በጻፈው ምዕራፍ ላይ የቤዝቦል ቡድኖች አሉ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች በ1985 ለጋዜጦች የሰጡትን አስተያየት ሰብስቦ መዝኖ ነበር፤ የኒው ዮርክ ሜትስ ሰዎች ሽንፈትን የሚያብራሩት እንደ አላፊ ነገር ሲሆን፣ በዚያ ዓመት 101 ጨዋታ ያሸነፈው የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ንግግር ግን ጨለምተኛ ሆኖ ተገኘ። በ1986 ሜትስ 108 ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ካርዲናልስ ወደ 79 ወረደ። የአንድ ቡድን ዕጣ በንግግሩ ብቻ ይወሰናል ብዬ አላምንም፤ ጉዳትም፣ ዝውውርም፣ ዕድልም አለ። ቢሆንም ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ንግግር መስማት ጀመርኩ።

ምን እል እንደነበር በወረቀት ላይ ጻፍኩት። «እንግሊዝኛዬ መቼም አይበቃም።» «ለዚህ አገር የተፈጠርኩ አይደለሁም።» ሴሊግማን እንዲህ ያለውን ሐሳብ ሌላ ሰው እንደሰነዘረብን ክስ ቆጥረን በማስረጃ እንድንሞግተው ይመክራል። ማስረጃው በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፈተናውን ለወደቀ ሰው የሚላክ የውጤት ዝርዝር አለ፤ በእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ ከማለፊያው በላይ፣ አቅራቢያ ወይም በታች መሆንን ያሳያል። እኔ ከሐፍረት የተነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ገልጬ አይቼው አስቀምጬዋለሁ። እንደገና ሳነበው ከማለፊያው በታች የሆንኩት በመድኃኒት አሰጣጥና በአንድ ሌላ ዘርፍ ሲሆን፣ በቀሩት አቅራቢያው ወይም ከዚያ በላይ ነበርኩ። «እንግሊዝኛዬ» ብዬ የጠራሁት ችግር፣ እዚህ አገር በንግድ ስማቸውና በሌላ ስም የሚጠሩትን መድኃኒቶች አለማወቅ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደግሞ በካርድ ላይ ተጽፎ የሚጠና ነገር ነው። ፈተናውን በድጋሚ ለመውሰድ ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ ግድ ቢሆንም እኔ ከዚያ በላይ ሰባት ወር ጠበቅኩ፤ በየሌሊቱ 20 መድኃኒት እያጠናሁ።

በዚህ ጊዜ የረዳኝን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋን የጋብሪየል ኧቲንገንን በ2014 የታተመ መጽሐፍም አልዘልም። ያማረ ውጤትን ማለም ብቻውን ጉልበት እንደሚያላላ ታስረዳና፣ ምኞትን፣ ውጤቱን፣ ከውስጣችን የሚነሣውን እንቅፋትና ዕቅዱን በቅደም ተከተል ማሰብን ታስተምራለች። የእኔ እንቅፋት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣው እንቅልፍ ነበር፤ ዕቅዱም ያን ጊዜ ቆሞ ማጥናት ሆነ። በ2016 መጀመሪያ ፈተናውን አለፍኩ።

ነርስ ሆኜ የተመደብኩት ካንሰር በሚታከምበት ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያም ስለ ቀና አስተሳሰብ ያለኝ ግንዛቤ እንደገና ተፈተነ። ጠያቂዎች ሕመምተኛውን በመልካም ልብ «አይዞህ፣ በጎ በጎውን ብቻ አስብ» ሲሉት፣ እነርሱ ከወጡ በኋላ ፍርሃቱን ለማን እንደሚነግር ሲቸገር አያለሁ። ባርባራ ኤረንራይክ የጡት ካንሰር ይዟት በነበረ ጊዜ የገጠማትን ይህን የመሰለ ግፊት መነሻ አድርጋ በ2009 «ብራይት-ሳይድድ» የተባለ ጠንካራ ትችት ጽፋለች። ቁጣዋ አንዳንድ ቦታ ሚዛን ይስታል እላለሁ፤ ለሕመምተኛ ቤተሰብ ግን አንድ ሁለት ምዕራፉን ማንበብ ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር የማቀርበው የማርክ ሃሪስን «ባንግ ዘ ድራም ስሎውሊ» የተባለ የ1956 ልብ ወለድ ነው። ተራኪው ሄንሪ ዊገን ዝነኛ ወርዋሪ ነው፤ ጓደኛው ብሩስ ፒርሰን ችሎታው መካከለኛ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ የቡድኑ መቀለጃ የሆነ ሰው። ብሩስ ሆጅኪን የተባለው ካንሰር እንደያዘው መጀመሪያ ላይ ከቡድኑ ውስጥ ከሄንሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ሄንሪ ሐኪም አይደለም፣ ተአምርም አይጠብቅም፤ የሚያደርገው በራሱ የሥራ ውል ውስጥ አንቀጽ ማስገባት ነው። ብሩስ ከተሸጠ ወይም ከተባረረ እኔም አብሬው እሄዳለሁ የሚል አንቀጽ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ እቀመጣለሁ። ሐሰተኛ ተስፋ ሳይሰጡ ሰውን ተስፋ ማስያዝ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ያሳየኝ የለም። በክፍላችን ለሚመጡ አዲስ ነርሶች ሁሉ እመክረዋለሁ፤ ስለ ቤዝቦል ምንም ባያውቁም ይገባቸዋል።

ልጄ በ2017 ከአገር ቤት ስትመጣ 9 ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤት ለሳምንታት አፏን ሳትከፍት ትውል ስለነበር፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቤት ባኦ ሎርድን «ኢን ዘ ይር ኦፍ ዘ ቦር ኤንድ ጃኪ ሮቢንሰን» አመጣሁላት። መጽሐፉ በ1984 የታተመ የልጆች ልብ ወለድ ሲሆን፣ በ1947 ከቻይና ወደ ብሩክሊን ስለ መጣች፣ ሸርሊ ቴምፕል ዎንግ የሚል ስም ይዛ እንግሊዝኛ ሳታውቅ ክፍል ስለ ገባች ልጅ ነው። ምዕራፎቹ በወራት የተከፈሉ ናቸው። ያ ዓመት ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ጥቁሮችን ከዋናው ሊግ ያገደውን አጥር የሰበረበት ዓመት ስለ ነበር፣ ልጅቷ በሬዲዮ እየተከታተለች ጨዋታውንም ቋንቋውንም አብራ ትማራለች። በየማታው አንድ ገጽ እኔ፣ አንድ ገጽ እርሷ እናነብ ነበር። ዶጀርስ በዓመቱ መጨረሻ በዎርልድ ሲሪስ፣ በዋንጫው የመጨረሻ ግጥሚያዎች፣ በያንኪስ 4 ጨዋታ ለ3 ሲሸነፉ ልጄ አለቀሰች፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ «በሚቀጥለው ዓመትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ቋንቋ ሳትገደድ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ዶጀርስ ያንኪስን ያሸነፉት በ1955 መሆኑን ስነግራት በጣቶቿ ዓመቶቹን ቆጠረች።

አሁን አራት ሆነን በየወሩ መጽሐፍ እንለዋወጣለን፤ ሁለቱ ከቀድሞ የሥራ ቦታዬ ናቸው። የምንከተለው አንድ ልማድ አለ፦ የምክር መጽሐፍ ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፣ ከአንድ ልብ ወለድ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ሴሊግማን ከማላመድ ጋር፣ ኤረንራይክ ከሃሪስ ጋር። የቪክቶር ፍራንክልን የናዚ ካምፖች ማስታወሻ ግን ብቻውን እንሰጣለን፤ ለእርሱ ጥንድ አላገኘንለትም፣ የሚያስፈልገውም አይመስለኝም። አዲስ ለመጣና በእንግሊዝኛ ለማንበብ ለሚፈራ ሰው የማቀርበው የሎርድን መጽሐፍ ነው፤ የልጆች ነው ብሎ የመለሰልኝ እስካሁን የለም።

በዚህ ወር የደረሰኝ የሮበርት ኩቨር የ1968 ልብ ወለድ ነው። ሄንሪ ዎ የተባለ ብቸኛ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በዳይ፣ ማለትም ነጥብ በተሣለበት የዕጣ መጣያ ኩብ፣ የሚጫወተው የራሱ የቤዝቦል ሊግ አለው፤ ተጫዋቾቹ ስም፣ ታሪክና ትውልድ አላቸው፣ ሌላ ሰው ግን አያውቃቸውም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ወጣት ወርዋሪ ዳይው እንዲሞት የወሰነበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ሰውየው በማግስቱ ሥራ ገብቶ የሚያለቅስለትን ሰው ለማንም መንገር አይችልም። አካሉ በአንድ አገር ልቡ በሌላ አገር ለሚኖር አንባቢ ይህ እንዴት እንደሚነበብ ስለማውቅ፣ ቀስ ብዬ እያነበብኩት ነው፤ ቀጣዩ ተረኛ እስኪጠይቀኝ ድረስ ሁለት ሳምንት አለኝ።