ያልተወገደ ንብረት፦ ከላም በረት እስከ ሸዋ ሮቢት

ከቤት ስወጣ ባለቤቴ «መንገድ ላይ ከሰው ጋር እንዳትጨቃጨቅ» ብላኝ ነበር። ላም በረት መናኸሪያ ደርሼ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቃሌን አፈረስኩ። አንድ ጎረምሳ ሳልጠይቀው ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሰቀለና 60 ብር አለኝ። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ጋቢና ለአጎቴ ሙት ዓመት የያዝኩት ሦስት ኪሎ ቡና ነው ያለው። ደረሰኝ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀ፤ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ያለ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 የገባ፣ ያለ ወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 የወጣ ነገር ሳይ ሰውነቴን ያሳክከኛል። ጡረታ ከወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር፤ ማሳከኩ ግን አልተወኝም።

ጊዜው ግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ጣርማ በር ጫፍ ደርሶ ከተመለሰ ገና ስድስት ወር ገደማው ነበር።

እስከ ደብረ ብርሃን ተኛሁ። ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ሁልጊዜው በረደኝ፣ እንደ ሁልጊዜውም ወፍራም ሹራብ ሳልይዝ በመምጣቴ ራሴን ረገምኩ። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ከፈነዳው ብዙም የማይሻል ነበርና ሌላ ፍለጋ ተላከ፤ እኛም ሜዳው ላይ ጭላዳ እያየን አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

ደግነቱ ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። የድሮ ሠራዊት ጡረተኛ ናቸው፤ ተሳፋሪው «ባሻ» ይላቸዋል። የአገልግሎት ዘመናቸውን ግማሽ ያሳለፉት በጥይት መጋዘን ነው። እኔም መጋዘን፣ እሳቸውም መጋዘን፤ ቆጠራ፣ ጉድለት፣ የርክክብ ጣጣ እያነሳን ዘመድ ሆንን። የኛ ግቢ ውስጥ የሚወገድ ተብለው የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይፈርምባቸው ሣር የበቀለባቸው ጎማዎች እንዳሉ ነገርኳቸው። ባሻ እንደ ሕፃን አዩኝ።

«የእርስዎ ጎማ ቢቀመጥ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያመጣል?» አሉ። «ጥይት እንደዚያ አይደለም። ባሩድ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ማረጋጊያ ኬሚካል አለ። ዓመታት ሲያልፉ፣ በተለይም መጋዘኑ ሙቀት ካለው፣ ያ ኬሚካል ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባሩዱ ራሱን በራሱ እያሞቀ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል።»

ታዲያ በጊዜ ማስወገድ ነዋ፣ አልኩ። እሳቸውም በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ፦ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ጉድጓድ ውስጥ ተከምሮ በሌላ ፈንጂ እንዲፈነዳ ይደረጋል፣ ወይ ደግሞ አንድ በአንድ ይፈታል። መፍታቱ ናሱንና ብረቱን ያተርፋል፤ ግን ማሽን፣ የሠለጠነ ሰውና ትዕግሥት ይፈልጋል። «ሲገዛ ሰልፍ ነው» አሉ ባሻ፤ «ሲወገድ ግን በጀት የሚይዝ የለም።» ይህንንስ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ስለ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አነሳሁባቸው። ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥይት ማከማቻ ፈንድቶ የተከራየሁበት ቤት መስተዋት አልጋዬ ላይ ረገፈ። ብዙ ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረኀብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው ያን ቀን ነው። ባሻ ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ ያኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጎማው መጣ። ጣሊያን የቦረቦረውን የጣርማ በር መሿለኪያ በጨለማው አቋረጥን። ባሻ «ጣሊያን ጥሎልን ከሄደው ዕቃ እስካሁን የሚሠራው ይሄ ብቻ ነው» ሲሉ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ስላለው ሌላ ዋሻ አሰብኩ። አመጸኛ ዋሻ ይሉታል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣሊያኖች እዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን የሰናፍጭ ጋዝ በሚሉት መርዝና አርሲን በተባለ ሌላ መርዝ በተሞላ የመድፍ ጥይት ፈጇቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ቦታውን ሲያገኘው አጽማቸው እዚያው ነበር። የጣሊያን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ዘግይቶ የደረሰ ሰነድ በኛ ሙያ ተቀባይነት የለውም።

ደብረ ሲና ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ኬላው አያሳልፍም ተባለና እዚያው አደርን። ባሻ ዘመድ ቤት ሄዱ። እኔ 300 ብር ከፍዬ የገባሁበት አልጋ ቤት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የባሰ ነው። ቁንጫው ተራ በተራ ሳይሆን በሰልፍ ይመጣል። ለአንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ 30 ብር ተጨመረብኝ፤ ውሃው ለብ ያለም አልነበረም። መብራቱን አጥፍቼ ስተኛ በሩ ላይ የኮሪደሩ ብርሃን በነጠብጣብ ይታየኛል። ተነሥቼ ቀረብኩ። ጥይት የበሳው ነው። ሰባት ቀዳዳ ቆጠርኩ፤ አራቱ በልብስ ሳሙና ተደፍነዋል፣ ሦስቱ ክፍት ናቸው። ጠዋት ለአስተናጋጇ ብነግራት «ሳሙና ተወዶ ነው ጋሼ» አለችኝ። ልቆጣት ተነሥቼ ነበር፤ መልሷን ስሰማ ግን የአንድ ሳሙና ዋጋ ሰጥቻት ወጣሁ። ደብረ ሲና ቆሎዋ ብቻ ነው የካሰኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። ብርዱ አልቆ ሙቀቱ ተቀበለን።

የአጎቴ ልጅ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የሚኖረው። ሙት ዓመቱ በደንብ ወጣ፤ ስለ ጠላው አልናገርም፣ ጥሩ ነበር ብል ባለቤቴ ታነበዋለች። ያስገረመኝ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። ከዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የመድፍ ቀለሃ ነው፤ በዘነዘና ቢጤ ብረት ይመቱታል። ድምፁ ጠርቶ ሩቅ ይሄዳል። ከየትኛው ጦርነት እንደሆነ ብጠይቅ አንድ ቄስ «ከድሮው» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለው የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ግን ቅዳሴውን ከጩኸት የማይለይ ነው፤ ይኸኛው ይሻላል።

የአጎቴ ልጅ «ና፣ አዲሱን ተከራዬን ላሳይህ» ብሎ ወደ እርሻው ወሰደኝ። ማሳው መሀል የግራር እሾህ በክብ ታጥሯል፤ በአጥሩ ዙሪያ ደግሞ ነጫጭ ድንጋይ ተደርድሯል። ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረን እጄን ያዘኝ። ከአፈሩ ውስጥ ያልፈነዳ የሞርታር ጥይት ጭራ ወጥቶ ይታያል፤ ክንፎቹ ላይ ዝገት ጀማምሯል፣ አንደኛው ክንፍ ጎብጧል። አፍንጫው ምን ያህል እንደጠለቀ አይታወቅም።

«ስድስት ወሩ ነው» አለኝ። «ግብር አይከፍል፣ ኪራይ አይከፍል። ሩብ ጥማድ ይዞብኛል።»

ለሚመለከታቸው አመልክቷል። ሰዎች መጥተው በወንዙ ማዶ የነበሩትን ጥቂቶች እዚያው ባሉበት አፈንድተው ሄዱ፤ የሱን «እንመለሳለን፣ አትንካው» አሉት። አንስተው ቢወስዱት ምን ነበር ብዬ ተናደድኩ። በኋላ የባሻ ነገር ትዝ አለኝ። ጎማ ስንጠብቅ እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ መጋዘን ውስጥ ያለው ጥይት ተኝቷል፤ ተተኩሶ ያልፈነዳ ግን ነቅቶ የተቀመጠ ነው። ሲተኮስ የሚያገኘው ግፊት አፍንጫው ላይ ያለውን ማፈንጃ ከፍቶታልና ስለማይነሣ ባለበት ነው የሚያፈነዱት። የአጎቴ ልጅ ይህን ከማንም ሳይሰማ አውቆታል። ችግሩ በሬዎቹ ናቸው። ሲያርስ የውጩ በሬ ሁልጊዜ ወደ አጥሩ ያዘነብላል፤ እዚያ ያለው ሣር ማንም ስላልነካው ለምልሟል። ሞፈሩን ይዞ እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሹን እንደሚይዝ በእጁ ደረቱን ነክቶ አሳየኝ። ሚስቱ በዚያ ሰዓት ከቤት ወጥታ ትቆማለች። ጠርታው አታውቅም፤ ቆማ ታያለች እንጂ።

እኔ ቢሮ ሳለሁ «ባለበት ይቆይ» ብዬ ስንት ደብዳቤ ላይ ጽፌያለሁ።

ማታ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ አንድ ኬሻ ጎትቶ አመጣ። ቀለሃ ነው፤ ከየጉድባው ለቅሞ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጥ ያጠራቀመው። ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣት ማግኔት አለችው። የያዘችውን ብረት ነው ብሎ ወደ ግራ፣ ያልያዘችውን ናስ ነው ብሎ ወደ ቀኝ ይወረውራል። ናሱ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ዋጋ አለው። እኔም ልማዴ ሆኖ መቁጠር ጀመርኩ። 214 ሆነ። ዘጠኙ ግን ቀለሃ አልነበሩም፤ እርሳሱ ከነጫፉ ያለ ጥይት ነው። ከነዚህ አንዱ ታችኛው ላይ የመርፌ ምት አለበት፦ ተተኩሷል፣ አልወጣም። ልጁ ይህንኑ አንሥቶ በጥርሱ ሊፈትሽ ሲል ጮኽኩበት። አባቱ ደንግጦ ወጣ፤ ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ተንቀጠቀጥኩ።

ከባዶዎቹ አንዱን በፋኖስ አየሁት። ታችኛው ክብ ላይ የፋብሪካ ምልክትና 83 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ የተመረተበት ዓመት በፈረንጅ መሆኑ ነው። እኔ የተቀጠርኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። በአንድ ዓመት ሥራ ጀመርን ማለት ነው። እኔ የጡረታ ደብተር ተሰጥቶኛል፤ እሱ ኅዳር ላይ ገና ግዳጅ ነበረው።

ዘጠኙን ምን እናድርጋቸው? ለፖሊስ እንስጥ ብል የአጎቴ ልጅ «ከየት አመጣኸው ብለው ሲያመላልሱኝ እርሻዬ ያልፈኛል» አለ። እሳት ውስጥ አይጣል፣ ወንዝ ውስጥ አይጣል፣ ቤት አይቀመጥ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ንብረት አስወጋጅ የነበርኩት እኔ ሐሳብ አመጣሁ፦ ሽንት ቤት ጉድጓድ። አንድ በአንድ ጣልናቸው። ዘጠኝ ጊዜ ጧ የሚል የውሃ ድምፅ ሰማን። ኮሚቴ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ።

አፍሬ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ሳነብ ግን እንግሊዞችም ያደረጉት ያንኑ መሆኑን አየሁ፤ የነሱ ጉድጓድ ብቻ ነው ትልቅ። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ መካከል ባለው ቦፎርትስ ዳይክ በተባለ የባሕር ሸለቆ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ትርፍ ጥይትና ፈንጂ ጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአካባቢው የጋዝ ቧንቧ ሲዘረጋ የሚያቃጥል ፎስፈረስ ያለባቸው ቦምቦች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው የስኮትላንድ ዳርቻ ላይ ተተፉ። አልባኒያ ደግሞ እንደ ባሻ ምክር አሮጌ ጥይት በሰው እጅ ስታስፈታ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2008 ገርደች በተባለ መንደር ክምችቱ ፈንድቶ 26 ሰው ሞተ። በባሕሩም በእጁም አልሆነም። የኔን ጉድጓድ ግን ይህ ንጹሕ አያደርገውም፤ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ሲሞላ ለሚቆፍረው ሰው እንዲነግር አደራ ብዬዋለሁ።

ከነሱ ቤት ለመመለስ ስነሣ ልጁ በጩኸቴ ቂም እንዳልያዘ ለማሳየት ይመስለኛል፣ ያችን 83 የሚል ጽሑፍ ያላትን ባዶ ቀለሃ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ረሳኋት። ደብረ ሲና ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን፤ ወጣቱ ወታደር ኪሴን ዳብሶ አወጣት።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥራ ባልደረባዬ ናት» አልኩት። ምን ይዞኝ እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሰዉ ፀጥ አለ። ወታደሩ ቀለሃዋን ገልብጦ ውስጧን አየ፤ አፉ ላይ አድርጎ እንደ ፉጨት ነፋባትና ፈገግ አለ። ከኋላው ካለው ድንጋይ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተቀምጧል። ወረወራት። ጣሳው እስከ አፉ ሞልቶ ስለነበር ተንከባልላ መሬት ወደቀች፤ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አስገባት።

ሞዴል 19 ቁረጥልኝ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ተሳፈርኩ።