ፍም የበሳው ቀሚሴ

የፋሲካ ዕለት ቡና ሳፈላ ከከሰሉ ፍንጣሪ ዘሎ ቀሚሴ ላይ አረፈ። ቶሎ ባራግፈውም ምስር የምታክል ቀዳዳ ትቶልኝ ሄደ። ጠርዟን ስነካው ደረቅ ብሏል፣ ልክ ቀልጦ እንደረጋ ላስቲክ። ሻጩ «ጥጥ ነው እህቴ፣ እጠቢው፣ ቀለሙ አይለቅም» ብሎኝ ነበር። ስለ ቀለሙ እንኳ አልዋሸም።

ጥጥ ቢሆን ጫፉ አመድ ሆኖ ይረግፍ ነበር። ፖሊስተር ግን ያው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፣ ቀልጦ ክር ሆኖ የተሳበ። 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፣ የከሰል ፍም ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ይግላል። ቀዳዳውስ ይሁን፣ የሚያስፈራው የቀለጠው ቆዳ ላይ ሲጣበቅ ነው። ሰፊ እጅጌ ያለው ሽፎን ለብሳችሁ ምድጃ አጠገብ ጉድ ጉድ የምትሉ፣ እባካችሁ!

ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ጠይቁና አንድ ክር መዛችሁ ክብሪት ጫሩበት። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና አመዱ ጣት ላይ ከደቀቀ ጥጥ ነው። ተኮማትሮ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር ነው። ከተሰፋ ልብስ ላይ ከሆነ ግን የስፌቱን ክር እንዳትመዙ፤ የጥጥ ልብስም ብዙ ጊዜ የሚሰፋው በፖሊስተር ክር ስለሆነ ይሸውዳችኋል።

ጠላሁት ማለቴ አይደለም። የልጄ ዩኒፎርም ፖሊስተር የበዛበት ነው፤ ማታ አጥቤ ሳሎን ባሰጣው፣ ያውም በመስከረም ዝናብ፣ ጠዋት ደርቆ ይጠብቀኛል፣ ካውያም ብዙ አይፈልግም። 100 ግራም ጥጥ ከአየሩ ብቻ 7 ወይም 8 ግራም እርጥበት ሲይዝ ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ታዲያ ውሃ አልጠጣም ያለ ጨርቅ ላብም አይጠጣም፤ በቀትር የታጨቀ ታክሲ ውስጥ ፖሊስተር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ያውቀዋል። የስፖርት ማሊያም ፖሊስተር ነው፣ ግን አሠራሩ ሳሳ ስለሚል ላቡን በትኖ ያደርቀዋል።

ውሃ ይጥላ እንጂ ዘይት ይወዳል። የወጥ ጠብታ ካረፈበት ሳይውል ሳያድር በፈሳሽ ሳሙና እሹት። የላብ ሽታም ቶሎ አይለቀውም፣ እኔ ከማጠቤ በፊት ገልብጬ ትንሽ ኮምጣጤ ባለው ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ።

ቀሚሱን አልጣልኩትም። ልብስ ሰፊው ቀዳዳዋ ላይ ትንሽ መስቀል ጠለፈባት፣ አሁን ሰው ሁሉ ዲዛይኑ ነው የሚመስለው።