የትኛው ይማር?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን የሌሊቱ እንቅልፍ ማጣት እንጃ። ቡና ልቆላ ምጣዱን ጥጄ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የድሮ ክፍል ልጆች የከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ያቺ ጸጉር ቤት ያላት ልጅ «ቲቸር ትናንት ማታ አረፉ» ብላ ጽፋለች። እሷም ከእናቷ ነው የሰማችው።

መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ስነግራችሁ አፍራለሁ። «ስሕተት ነው። ዐረፉ የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ነው» አልኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥፋቱ የራሳቸው የቲቸር ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለን ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምሩን እሳቸው ነበሩ። የ1986ቱ ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ታች ክፍሎች እንደዚያ ነበር፤ አንድ አስተማሪ ለሁሉም። ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ስፖርቱንም። (ስፖርት ሲሆን ታኮ ጫማቸውን እንዳደረጉ ቆመው ያፏጩልን ነበር።) ልባቸው ግን አማርኛው ላይ ነው።

እሳቸው ፊት «ሰ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። «የትኛው ሰ?» ይላሉ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ሦስት ሦስት ሆነን አንድ ዴስክ ላይ ተጣበን እንጮሃለን። ለእኔ ፊደሎቹ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ኩሩ፣ እሳቱ ቁጡ፣ ብዙኃኑ ደግሞ ዘመድ የበዛበት።

አንዱ ልጅ፣ አሁን ካናዳ ያለው፣ «ቲቸር፣ ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ያደርጋል?» አላቸው። ጠመኔ አነሱና ሁለት ቃል ጻፉ። ሠረቀ። ሰረቀ። «በግእዝ፣ በንጉሡ ሲሆን ፀሐይ ወጣች ነው። በእሳቱ ሲሆን ሌባ ነው። አንተ የቱ ነህ?» ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል «እሳቱ» እየተባለ ተጠራ።

እኔም የራሴ ውርደት አለኝ። የአንዲት ልጅ አያት ሞተው ቲቸር «ነፍስ ይማር» አሉ። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ነፍስም ትምህርት ቤት ትገባለች?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ሰሌዳው ዞሩ። መሐረ፣ በሐመሩ፣ ይቅር አለ። መሀረ፣ በሀሌታው፣ አስተማረ። ምሕረት ከዚያኛው መጣ፣ መምህር ከዚህኛው። አማርኛ ሁለቱንም ስለዋጣቸው «ይማር» ስንል አይለዩም አሉ። ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ጥያቄ» ብለው ጻፉልኝ። ያን ደብተር እናቴ በርበሬ ጠቀለለችበት።

የዛሬ አራት ዓመት ታክሲ ሰልፍ ላይ አይቻቸዋለሁ። ከኋላዬ ነበሩ፤ ነጠላ ለብሰው፣ ትንሽ ጎብጠው። ዞሬ ልስማቸው ስል ተራዬ ደረሰ። ገባሁ። መሥሪያ ቤት ረፍዶብኝ ነበር። ምን ሥራ እንደነበረኝ ዛሬ አላስታውስም።

ግሩፑ ላይ ሁሉም የሚያለቅስ ፊት ይልካል። እኔም ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። ስልኬ ያገኘውን ሀ ነው የሚሰጠኝ። በመጨረሻ «ነፍስ ይማር ቲቸርዬ፤ ሃዘናችን ከባድ ነው» ብዬ ላክሁ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ከካናዳ መልስ መጣ። «ሐዘን በሐመሩ ነው።»

እሳቱ! እዚያ እኮ ሌሊት ነው።

ከዚያ ለቅሶ ልድረስ ብዬ ተነሣሁና ነጠላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቤታቸው የት ነው? ልጆች ነበሯቸው? ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት? ዓመቱን ሙሉ ፊታቸው ተቀምጬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። «ቤታቸውን የሚያውቅ አለ?» ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ።

አይተውታል። የመለሰ የለም።