ሰልፉ ረዥም ነበር?

ባለፈው እሑድ ከአባባ ጋር የዕድር ስብሰባ ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ የሒሳብ ወረቀቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ። "የድንኳን ማሰፊያ" የሚለው ጋ ስደርስ "ቆይ፣ እስቲ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

"ገንዘብ ያዣችን፣ አምና በዚህ ግማሽ ነው ያሰፋነው። ደረሰኙን ብናየው?"

ገንዘብ ያዡ አልተቆጣም። ከፌስታሉ ውስጥ ደረሰኙን ፈልጎ አወጣና ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈው። ድንኳኑ አምና አንድ ጎኑ ብቻ ነው የተሰፋው፤ ዘንድሮ ጣሪያውም ተጨምሯል። አባባ ደረሰኙን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩትና "በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ኮሚቴ ሲመረጥ እጃቸውን ያወጡት ለዚያው ገንዘብ ያዥ ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኚህ ሰው እኮ ከ1997 ወዲህ የምርጫ ካርድ አውጥተው አያውቁም።

ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጎረቤቱ እኛ ቤት ይሰበሰባል። አባባ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራቸው። ስለ ቤት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ማን ምን ቃል እንደገባ ይጽፉበታል። "ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን" ይሉ ነበር። አልመርጥም ያለ ሰው ሲገጥመኝ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ያ ደብተር ነው።

ግንቦት 7 እሑድ ዋለ። ቅዳሴ አስቀርተው የማያውቁት አባባ ያን ቀን አስቀሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሲቀሰቅሱኝ የዓመት በዓል ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ጣቢያው ስንደርስ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ተሰልፏል። የመጀመሪያ ድምፄ ስለነበር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤት ተመልሰን ለምሳ ሲታጠቡ ቀለም የነካውን ጣታቸውን ከውሃው ሲያርቁ አየኋቸው። እማማ ሳቀችባቸው። እሳቸው አልሳቁም።

የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች አሸነፈ። ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን። ከዚያ ሰኔ ላይ ጥይት፣ ጥቅምት ላይ ጥይት። አጣሪ ኮሚሽኑ የተገደሉትን ሲቪሎች 193 ብሎ ቆጠረ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ የመረጥንለት ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ አሁንም ያመኛል።

አባባን የሰበራቸው ግን ይሄ አይደለም። መንግሥት ሲያስርና ሲገድል አዲሳቸው አልነበረም፤ በቀይ ሽብር ታናሽ ወንድማቸውን አጥተዋል። የሰበራቸው ከሐምሌ 1999 በኋላ የመጣው ነው። መሪዎቹ በይቅርታ ሲፈቱ እማማ ደስ ብሏት ቡና አፈላች። ወራት ሳይቆይ እርስ በርስ ተካሰሱ፣ ለሁለት ለሦስት ተከፈሉ። የቅንጅት ስም ራሱ በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ሄደ። ፓርላማ ይገባ፣ አይገባ በሚለው ላይ ምን ተባብለው እንደነበር ከጋዜጣ ነው የለቃቀምነው። ድምፃችንን ሰጥተን ልጆቻችንን የቀበርነው እኛ ነን፤ እኛ ሰፈር መጥቶ "እንዲህ ሆነብን፣ እዚህ ላይ ተሳሳትን" ያለን አንድ ሰው የለም። አባባ ይህን ነው የጠበቁት። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቁ።

በ2002 ምርጫ ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም። ዜናው ሲነገር አባባ ሬዲዮኑን አልዘጉትም፤ ድምፁን ብቻ ቀነሱት።

እኔ ግን በ2013 ወጣሁ። ያስወጣችኝ ብርቱካን ሚደቅሳ ናት። የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ሆና የታሰረች፣ ከተፈታችም በኋላ እንደገና የታሰረች ሴት ምርጫ ቦርድን ስትመራ ሳይ ልቤ ተነሳ። "ተቃዋሚ" ይባሉ የነበሩት ፓርቲዎችም "ተፎካካሪ" ተብለው ነበር። ሰኔ 14 ቀን ከሰዓት ተሰልፌ መሸብኝ። ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበርና በስልክ መብራት እየተያየን ቆምን። አገር በጦርነት ላይ ነበረች፣ ትግራይ አልመረጠችም፣ ይህንንም እያወቅሁ ነው የቆምኩት። ቤት ስገባ አባባ አልተኙም። ማንን እንደመረጥኩ አልጠየቁኝም።

"ሰልፉ ረዥም ነበር?" አሉኝ።

"በጣም፣ አባባ።"

"እሰይ" አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን አሸነፈ። በመስከረም 2014 ሦስት የተፎካካሪ ፓርቲ ሰዎች ሚኒስትር ሆኑ። አብሮ መሥራቱን አልጠላም። የመረጥኩት ፓርቲ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ሰፈር ብቅ አላለም። በምርጫው ሰሞን ሁለቴ በራችንን ያንኳኳው ልጅ እንኳ ስልኩ አይሠራም። "ሕዝቡ ሰልችቶታል፣ ፖለቲካ አይገባውም" ሲባል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ለ40 ሰው ዕድር ደረሰኝ የሚያስወጡ አባት ምን አልገባቸውም ይባላል?

ደብተሩ እስካሁን አለ። ቃል የተጻፈባቸው ገጾች ከፊት እንዳሉ ናቸው። አባባ ከኋላ በኩል ገልብጠው የዕድር መዋጮ ይመዘግቡበታል።

የሰባተኛው ምርጫ ነገር ሲነሳ ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ጠየቅኋቸው። "አባባ፣ ዘንድሮስ ካርድ ያወጣሉ?"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "የሚጠየቅ ሰው ካለ ንገሪኝ።"

ዝም አልኩ። የምጠራላቸው ስም አልነበረኝም።

"አንቺስ ትሄጃለሽ?"

"አላወቅሁም። ምናልባት።"

ብዙ ቆዩ። "ከሄድሽ እንደዚያኛው ጊዜ አይምሽብሽ" አሉኝ። "በሌሊት ውጪ። እኔ እቀሰቅስሻለሁ።"